ለአበባው የተተወው ባዶ ቦታ

ውድ እማማ ደስታነሽ፣

ጉልበትዎ እንዴት ነው? የዳላስ ሙቀትስ በረድ አለልዎት? እዚህ ደመናው ተመልሷል። እርስዎ የሲያትልን በጋ ብቻ ስላዩ አያውቁትም እንጂ፣ ደመናው አንዴ ከመጣ እንደ ዘመድ ነው፤ እስከ ሚያዝያ አይሄድም።

ይህን ደብዳቤ ገነት ጮክ ብላ እንደምታነብልዎት አውቃለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ እሷን ልለምናት፦ ገነትዬ፣ እንዳለ አንብቢው፤ አታሳምሪው። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ቁጭ ብዬ የሐኪምና የታማሚ ንግግር ሳልጨምር ሳልቀንስ የማስተረጉም ሰው ነኝ። ለአንድ ጊዜ እንኳ የእኔም ቃል እንዲሁ ቢደርስልኝ ደስ ይለኛል።

የምጽፍልዎት ስለ ቲኬቱ ነው። ገነት እሑድ ዕለት ኮል አድርጋ፣ ከሲያትል የሚነሣውን የመመለሻ ቲኬትዎን ከዳላስ እንዲነሣ ልታስለውጥ እንደሆነ ነገረችኝ። “እማ ሲያትልን ዳግመኛ ማየት አልፈልግም ብላለች” አለችኝ። ሲያትል ምንም አላደረገችዎትም። ማየት ያልፈለጉት ማንን እንደሆነ ይገባኛል፤ አንዳንድ ቀን እኔም ማየት አልፈልግም፤ ግን አብሬው ነው የምኖረው።

እርስዎ ሰባ ስምንት ዓመትዎ ነው። ልጅዎ አብዮት ለመጨረሻ ጊዜ አገር ቤት ከሄደ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። አሁን ሳትተያዩ ከሄዱ፣ ከዚህ በኋላ ልጅዎን ወደ ዱራሜ የሚያስሮጠው ምክንያት ምን ዓይነት እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። አልጽፈውም። ቲኬቱን ከማስለወጥዎ በፊት ግን እኔ ያየሁትን ይስሙኝ።

“በአንድ እንሰት እንዲህ ይቆጣኛል!” ብለው መገረምዎን ገነት ነግራኛለች። ትክክል ነዎት። እኔም ስምንት ዓመት ሙሉ ስገረም ነው የኖርኩት፤ የእኔ ቀስ በቀስ ስለመጣ ለመድኩት እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው የጀመረው። ልጅዎ እንደሚያውቁት ላብራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይቀባል። ከሽንብራ በማትበልጥ ነገር ላይ አምስት ዓይነት ነጭ ይደራርባል። ከዚህ በኋላ ቤቱ የገባ ሰው ዓይኑን ያሳርፋል ብዬ ነበር። እሱ ግን ቢከን ሂል ላይ አንድ አዳራሽ ውስጥ ማታ ማታ የሚሰጥ ትምህርት አገኘ፤ ተክልን በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎች ደንብ መሣል። የሰው ባል ኳስ ያያል።

ያን ጊዜ፣ እሱ ሌሊት ሌሊት እያነበበ እንደነገረኝ፣ መርከቦች ከየአገሩ ያልታየ ተክል እየጫኑ አውሮፓ ያራግፉ ነበር። ለመጣው ተክል የመስታወት ቤት ይሠራለታል፤ ምድጃ ይነድለታል፤ ሲያብብ ሠዓሊ ይጠራለታል። እኛ በዲቪ ስንመጣ ማንም አልሣለንም፤ አሻራ ብቻ ነው የወሰዱን። ሆላንድ ውስጥ የአንድ ሀብታም ሙዝ አበበ ተብሎ ሰው ለጉድ ተሰብስቦ አየው፤ መጽሐፍም ተጻፈለት። አርባ ምንጭ ይህን ብትሰማ ምን እንደምትል አላውቅም።

የእናንተም እንሰት ከዚህ ሰልፍ አልቀረም። ጎንደር ድረስ የዘለቀ አንድ ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ነበር። አብሮት የመጣው ጣሊያናዊ ሠዓሊ እዚያው ጎንደር ሞቶ ቀረ። መንገደኛው አገሩ ገብቶ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እንሰት ተሥሎ ይገኛል። አብዮት ያንን ገጽ ያየ ዕለት እራት አልበላም። “ናርዲ፣ ይሄ እኮ የእኛ ጓሮ ነው” አለኝ። “የእኛን ጓሮ ከእኔ በፊት ሰው ሣለው።” ከዚያ እሱም እንደሚሥለው ነገረኝ፤ ቅጠሉን፣ ግንዱን፣ አበባውን፣ ፍሬውን፣ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ። የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ደንባቸው ነው፤ በአንድ ወቅት አብረው የማይታዩትን ነገሮች አንድ ገጽ ላይ ያገናኛሉ።

ሌላ ደንብም አላቸው፤ ያላዩትን አይሥሉም። ተክሉ ፊት ተቀምጠው ነው የሚሠሩት። እኔ የዋህ ነኝና “ስልክህ ላይ የእንሰት አበባ ፎቶ በሽ በሽ አይደል እንዴ?” አልኩት።

“ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን እንዳየሁት አልቆጥረውም” አለኝ። ይህን ያለኝ፣ የአገሩን ፖለቲካ በሙሉ ከፌስቡክ የሚያይ ሰው ነው።

ስለዚህ ችግኝ ገዛ። እዚህ ለጌጥ ይሸጡታል። በተንጠለጠለበት ታግ ላይ “አይበላም” የሚል እንደነበረበት ስነግርዎት ስቀው ስቀው ወንበር የፈለጉት ትዝ ይለኛል። ከኋላ የላስቲክ ቤት ሠራለት፤ ሂተር ገጠመለት። ሁለት ክረምት መብራት ሲጠፋ ሳሎን ድረስ አስገብቶት ከእኛ ጋር አድሯል፤ ብርድ ልብሱ ለእሱ፣ ሹራቡ ለእኔ። ወረቀቱ ደግሞ የመመገቢያ ጠረጴዛችን ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ይኖራል። አንዱን ቅጠል ብቻ ሙሉ በሙሉ ቀለም ቀብቶ የቀሩትን በእርሳስ መስመር ትቷቸዋል፤ አንዱን ካየህ ሌላውን ታውቀዋለህ የሚል ሐሳብ ነው። ከላይ በቀኝ በኩል ደግሞ ባዶ ነው። የአበባው ቦታ። ስምንት ዓመት ሙሉ እዚያ ባዶ ቦታ አጠገብ ሽሮ ስንበላ ጠብታ አልነካውም፤ ልጅ ቢኖረን እንደዚያ አንጠነቀቅለትም ነበር። ገነት፣ ይህችን ዝለያት።

እርስዎ ሚያዝያ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ ያሳየዎት እሱን ነው። ላስቲኩን ገልጠው ገብተው፣ አይሲዩ የተኛ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው እጅዎን አጣጥፈው ቆሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በሹክሹክታ፣ “ምን ሆኖ ነው ላስቲክ ያለበሳችሁት?” አሉኝ።

ሰኔ ላይ መሃሉ ላይ ያሉት ቅጠሎች እያነሱ ቀጥ ብለው መቆም ጀመሩ። ሁለታችሁም በአንድ ሳምንት ውስጥ አያችሁት። ልጅዎ ሊያብብ ነው ብሎ አዲስ ብሩሽ ገዛ፣ ለሐምሌ ዕረፍት ጠየቀ፣ ሌሊት እየተነሣ በባትሪ ያየው ነበር። እርስዎ ደግሞ እኔን ትልቅ ቢላ ጠየቁኝ። ሥጋ ሊዘለዝሉ መስሎኝ ሰጠሁዎት።

የከምባታን ነገር ገነት ያስረዳችኝ በኋላ ነው። እንሰት ሊያብብ ሲል ነው ሆዱ የሚሞላው፤ ያኔ ካልተቆረጠ ያጠራቀመው ምግብ ሁሉ ወደ አበባው ይወጣል፣ ለቤቱ የሚተርፈው ገለባ ነው። በእርስዎ ሰፈር አበባ ያወጣ እንሰት የቆመበት ጓሮ ሴት የሌለበት ቤት ይባላል። መቼ እንደሚቆረጥ የምታውቀውም የምትወስነውም ሴቷ ናት፤ ወንድ አይጠየቅም። እኔ አዲስ አበባ ቀበሌ ቤት ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ባላውቅ አይፈረድብኝም። አብዮት ግን አሥራ ስምንት ዓመት እዚያ ጓሮ ውስጥ ኖሯል። የሚናፍቀውን አበባ በልጅነቱ አንድ ጊዜ እንኳ ለምን ሳያየው እንዳደገ ራሱን ጠይቆ አያውቅም። ያላየው እርስዎ ስለነበሩ ነው።

እንሰቱ የተቆረጠበትን ሐሙስ ከእኔ በኩል ልንገርዎት፤ አይተውኛል ግን አልሰሙኝም።

ማድ ቤቱ ጥግ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ ሥራ ላይ ነበርኩ። ምን እንደተባለ መናገር አልችልም፣ ቃል ገብቻለሁ፤ ግን የኩላሊት ሐኪም ነበር፣ ወሬውም የሚቋረጥ ዓይነት አልነበረም። በመስኮት ሳይ እርስዎ ቢላውን ይዘው ቆመዋል። ከኋላዎ ከቸርቻችሁ የመጡት ሴቶች፣ ባየሽና አገሬ፣ ነጫጭ ባልዲ ይዘው ይከተሉዎታል። መስኮቱን ደበደብኩ። ሦስታችሁም እጃችሁን አውለበለባችሁልኝ። እንደገና ደበደብኩ።

“ናርዲዬ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ!” አለች አገሬ ከውጭ እየጮኸች። “እኛ አለንልሽ!”

ሐኪሙ በስልኩ ውስጥ፣ ቤቱ እየታደሰ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይቅርታ ጠይቄ ቀጠልኩ። አስተርጓሚ መሃል ላይ ስልክ አይዘጋም፤ እዚያኛው ጫፍ ላይ የሕይወቱን ነገር የሚጠብቅ ሰው አለ። ጨርሼ ስወጣ እንሰቱ ተጋድሟል፤ ላስቲኩ ተጠቅልሎ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል።

“እንኳን አስተዋልኩት!” አሉኝ። “ሳምንት ቢቆይ ባዶ ነበር።” ከዚያ ጠጋ ብለው ድምፅዎን ዝቅ አደረጉ፤ “ሰው አይቶ ቢያወራ ስሙ የሚተርፈው ለአንቺ ነው፣ ልጄ።”

ባየሽ እግሯን ዘርግታ ቅርፊቱን እየፋቀች፣ “እኔኮ አሜሪካ መጥቼ እንሰት እፍቃለሁ አላልኩም። ጂሙን ካንስል አደርጋለሁ!” ትላለች።

“አንቺ ጂም የምትሄጂው መቼ ነው?” አለቻት አገሬ።

“ሜምበር ነኝ አልኩ እንጂ እሄዳለሁ አልኩ?”

ምን ልበልዎት፣ እማማ። የምለው ነበረኝ፤ አፌ ድረስ መጥቷል። ግን እጅዎ እስከ ክርንዎ ነጭ ሆኖ፣ ነጠላዎን ወገብዎ ላይ አስረው፣ ባየሽን “እንደዚያ አይደለም!” እያሉ ሲቆጧት አየሁዎት። ሁለት ወር ሙሉ “ይቀመጡ፣ ይረፉ፣ እኔ እሠራለሁ” ስንልዎት ነበር። ዕቃውን ማሽን ያጥባል፣ ልብሱን ማሽን ያደርቃል፣ እርስዎ ሶፋው ላይ እንደ መጋረጃ ተሰቅለው ከረሙ። ያን ዕለት ግን ግቢው ውስጥ አዛዧ እርስዎ ነበሩ። ቀድሞውንም ተቆርጧል፤ እኔም ወደ ቤት ገብቼ ለሦስታችሁ ሻይ አፈላሁ።

ከዚያ ልጅዎ መጣ።

ጠቡ በከምባትኛ ነበር። በቀን ውስጥ ለስንት ሰው የማስተረጉም ሴት ነኝ፣ የቤቴን ጠብ የሚያስተረጉምልኝ ግን አላገኘሁም። በሩን ይዤ ቆሜ፣ ድምፃችሁ ሲወጣ ሲወርድ ፊታችሁን ነበር የማነበው። መሃል ላይ ሁለታችሁም ወደ እኔ ዞራችሁ።

“ንገሪያት!” አለኝ በአማርኛ። “ስምንት ዓመት እንደጠበቅሁት ንገሪያት!”

“ንገሪው” አሉኝ እርስዎ። “አንተን ያሳደገህ ያላበበው ነው በይው። በክፉው ዘመን አበባ ብናይ ኖሮ አሁን እዚህ ቆሞ አይጮህብኝም ነበር።”

ሁለታችሁም አማርኛ ትሰማላችሁ። የነገራችሁኝን ሁሉ እርስ በርስ ሰምታችኋል። ለማን ምን እንዳስተረጉም ግራ ገባኝ። ያኔ ነው ያችን ቃል የተናገረው። እኔ እንድሰማት ይሁን ወይ በእናቱ ቋንቋ ሊላት ከብዶት፣ በአማርኛ አላት፦ “ይሄ ያንቺ ጓሮ አይደለም።”

እርስዎ እጅዎን ታጠቡ፤ ክርንዎ ድረስ፣ ቀስ ብለው። በማግሥቱ ጠዋት ለገነት ደውለው ዳላስ ልምጣ አሉ።

ያች ቃል እንዳልተባለች አድርጌ ልጽፍልዎት አልፈልግም። ተብላለች። ስለ እሱ ይቅርታ ልጠይቅዎትም አልችልም፤ ያላለውን ማስተርጎም ሙያዬ አይፈቅድልኝም። ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ብቻ ነው የምነግርዎት።

የተፋቀው ቆጮ እንዲብላላ ባልዲዎቹን ጋራዥ ውስጥ በቅጠሉ ሸፍነው፣ ድንጋይ ጭነውባቸው ነው የሄዱት። አብዮት እንዳያያቸው ብሎ ሐምሌንና ነሐሴን ሙሉ መኪናውን ውጭ ፓርክ ሲያደርግ ከረመ። ሽታው ግን አስታዋሽ አያሻውም። የጎረቤታችን ሰውዬ ጋዝ የፈሰሰ መስሎት ሁለት ጊዜ አንኳኳ፤ “ምግብ ነው” ስለው የሰጠኝን አስተያየት አልረሳውም።

የአብዮት የሥዕል ትምህርት ክፍል በጥቅምት ዐውደ ርእይ አለው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሥዕል ይሰቅላል። አስተማሪዋ፣ ደግ ሽማግሌ ሴት ናቸው፣ “አበባውን ከፎቶ አይተህ ጨርሰው፤ ማንም አይፈርድብህም” አሉት። አይሆንም አለ። “ሌላ ነገር ሣል” አሉት። አይሆንም አለ። ማታ ማታ ከሥራ መጥቶ ጨርቁን ይገልጣል፣ ባዶውን ቦታ ያያል፣ ጨርቁን ይመልሳል። እኔም ከማዳመጫዬ ወጥቼ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። ሁለት የደከሙ ሰዎች በአንድ ወረቀት ግራና ቀኝ። ማውራት የምንችል አይመስልዎትም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ግን እርሳሱን ቀረጸ። ባዶውን ቦታ አልነካውም። ከታች፣ የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ተክሉ ከየት እንደመጣና የት እንዳበበ በሚጽፉበት ቦታ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የሰፈራችንን ስም ጨምሮ፣ “እንሰት። ስካይዌይ” ብሎ ጻፈ። አሰበ አሰበና ቀጠለ፦ “አላበበም። ተበላ።”

ጽፎ ሲጨርስ ግን አልተነሣም። ጽሑፉን እያየ ቆየ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ ምን እንደያዘው ገባኝ። ማንም አልበላውም ነበር። ያላየውን የማይሥል ሰው ያልሆነ ነገር ጽፎ መተኛት አልቻለም።

ተነሥቶ ጋራዥ ገባ። ቆይቼ ተከተልኩት። ድንጋዩን አውርዶ፣ ቅጠሉን ገላልጦ፣ አንድ እፍኝ አውጥቶ በጨርቅ ይጨምቃል። እጁ ሥራውን ያውቀዋል ማለት አልችልም፤ ግማሹን ወለሉ ላይ አፈሰሰው። መጥበሻ ላይ ጋገረው፤ አንዱ ጎኑ አረረ፣ ሌላው ጥሬ ቀረ። ጎመን አወጣሁለት። ቆሞ በላ።

አላለቀሰም። ገነት፣ አለቀሰ ብለሽ እንዳታነቢ። ብቻ ለረጅም ጊዜ አኘከ።

“ገና ነው” አለኝ። “እዚህ ብርድ ስለሆነ ይሆን? ስንት ወር ነው መቆየት ያለበት? ቅጠሉስ ይቀየራል?”

“እኔን ነው የምትጠይቀኝ?” አልኩት።

“እማን ጠይቂልኝ።”

“ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ አላስተረጉምም።”

ስልኩን አነሣ። ስምዎን አወጣው፤ አየሁት። አውራ ጣቱ እዚያው ላይ ቆየች። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው።

“ኦኬ፣ ይሁን። ከዳላስ ስትመለስ እጠይቃታለሁ” አለ። “በስልክ አይገባኝም፤ ቆማ ታሳየኝ። ያን ሳምንት ዕረፍት ወስጃለሁ።”

ቲኬቱ ሊለወጥ እንደሆነ አያውቅም። አልነገርኩትም። ብዙ መጥፎ ወሬ በዚህ አፌ አልፏል፣ እማማ፤ ይህኛውን ግን ደክሞኛል፣ አላደርስለትም። እንዲሰማው ካሻዎት ራስዎ ይንገሩት።

ጉልበትዎን ስሜ እሰናበታለሁ። የቀረውን ሲያትል ኤርፖርት ቆመን ስንቀበልዎት እርስዎ ይጨርሱልኝ።

ምራትዎ ናርዶስ
ስካይዌይ